አሠሪዬ ሁለት መዝገብ ይይዛል

ጥያቄ፦ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አሠሪዬ እውነተኛውን ሽያጭ በአንድ መዝገብ፣ ለግብር ሰብሳቢው የሚያቀርበውን በሌላ ይጽፋል። መጠቆም ፈራሁ፤ ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ፍርሃትዎ ይገባኛል፤ እኔም ኦዲተር ሳለሁ እንዲህ ያለ ምስጢር ይዤ እንቅልፍ አጥቼ አድሬአለሁ። ጥቆማ የሚጸናው በማስረጃ ነው። «ይሰርቃል» ማለት ብቻ መርማሪውን የትም አያደርሰውም፤ ቀኑን፣ የደረሰኙን ቁጥር፣ ገንዘቡ የገባበትን የባንክ ሒሳብ ይመዝግቡ። በሥራዎ ምክንያት እጅዎ ከሚገባው ሰነድ አልፈው ግን የሌላ ሰው መሳቢያ አይክፈቱ፤ እርስዎኑ ሊያስከስስ ይችላል። ሐሰተኛውን መዝገብ የጻፉት እርስዎ ከሆኑ፣ አደራ፣ አስቀድመው ጠበቃ ያማክሩ። ወሮታው እንደየአገሩ ነው፤ በአሜሪካ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ በትልልቅ ጉዳዮች ከተሰበሰበው ገንዘብ ከ15 እስከ 30 በመቶ ለጠቋሚው ይሰጣል፤ ክፍያው ግን ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።