ዲክንሰን ናት ወይስ ዊትማን? በምን ልለያቸው ላልከው

የገጣሚው ስም ካልተጻፈ የኤሚሊ ዲክንሰንን ግጥም ከዋልት ዊትማን መለየት እንዳቃተህ ጽፈሃል። ሁለቱም የ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካውያን ገጣሚዎች ናቸው። ከትርጉሙ አትጀምር። መጀመሪያ የስንኙን ርዝመት እይ።

ስንኞቹ ረጃጅም ከሆኑ፣ ቤት ካልመቱ፣ ተከታትለውም በአንድ ዓይነት ቃል ከጀመሩ፣ ወደ ዊትማን አዘንብል። ሰውን፣ ሙያን፣ ቦታን እየጠራ መደርደር ይወዳል።

ዲክንሰን አጭር ናት። ብዙውን ጊዜ በአራት በአራት ስንኝ ትጽፋለች። ጮክ ብለህ እያነበብክ የእያንዳንዱን ስንኝ ቀለሞች (ክፍለ ቃላት) በጣትህ ቁጠር። 8፣ 6፣ 8፣ 6 እያለ ከሄደ የፕሮቴስታንት መዝሙር ምት ነው፤ የእሷ ዋና መለያም ይሄ ነው። ቀጥለህ ቤት አመታቷን አዳምጥ። ብዙ ጊዜ ድምፁ ይቀራረባል እንጂ በትክክል አይገጥምም። እኔ ከሁሉም የምወድላት ይህንን ነው። ስለ ሞት ስታወራ ጆሮህ የጠበቀው ድምፅ ሳይመጣ ይቀራል። የጎደለው ነገር ራሱ ይሰማሃል። ትንተናህ ላይ ሰፋ አድርገህ ጻፈው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ተማሪዎችን ሳግዝ ደጋግሜ ያየሁት ችግር ነው። ዲክንሰን በስንኞቿ ውስጥ ረጅም ሰረዝ (—) ስለምታበዛ፣ ብዙዎች በሰረዞቿ ብቻ ይፈልጓታል። እሷ በ1886 እ.ኤ.አ. ከሞተች በኋላ፣ ከ1890 ጀምሮ ያሳተሟት አርታኢዎች አብዛኞቹን ሰረዞች አጥፍተዋል፤ አንዳንድ ቦታ ቤት አመታቷንም "አስተካክለዋል"። ቶማስ ጆንሰን የተባለ ምሁር አዘጋጅቶት በ1955 የወጣው እትም ነው ግጥሞቹን ወደ እጅ ጽሑፏ የመለሰው። ኢንተርኔት ላይ በነፃ የምታገኘው አብዛኛው ግን የድሮው ነው። ስለ ሰረዝ አንድ አንቀጽ ከመጻፍህ በፊት የያዝከው የትኛው እትም እንደሆነ አጣራ።