ኮድህ ክሊኩን ሳይሆን አውሮፕላኑን ይጠይቅ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ለቦይንግ 737-800 የሲሙሌተር ኮክፒት እየሠራህ ነው፤ ተጠቃሚው ስዊቾቹን በተራ ሲነካ ቀጣዩ እርምጃ ይከፈትለታል፣ ግን እውነት እውነት አልሸት ብሎሃል። እኔም የጀመርኩት እንደዚሁ ነው። ኮድህ "ነካው ወይ?" እያለ ነው የሚጠይቀው። መጠየቅ ያለበት "አውሮፕላኑ አሁን ምን ላይ ነው?" ብሎ ነው።

ኤፒዩን ውሰድ፤ ዋናዎቹ ሞተሮች ሳይነሱ ኤሌክትሪክና አየር የሚሰጠው፣ ጭራው ላይ ያለው ትንሽ ሞተር ነው። ስዊቹን ስታርት ላይ ይዘህ ስትለቀው ወደ ኦን ይመለሳል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ሰማያዊዋ "ኤፒዩ ጄን ኦፍ ባስ" መብራት ስትበራ የኤፒዩ ጄኔሬተር ስዊቾቹን ኦን ታደርጋለህ። መብራቷን ከኤፒዩው ሁኔታ ጋር እሰራት እንጂ በሰከንድ ቆጥረህ አታብራት። ተጠቃሚው ቸኩሎ ቀድሞ ቢሞክር ምንም አይፈጠር፤ "ተሳስተሃል" የሚል ጽሑፍም አይምጣበት።

ጊዜህን ማፍሰስ ያለብህ ሞተር ማስነሳቱ ላይ ነው። ስታርት ስዊቹን ግራውንድ ላይ ታደርጋለህ፣ ኤን ቱ (የሞተሩ ከፍተኛ ግፊት ክፍል የሚሽከረከርበት ፍጥነት) ይወጣል፣ 25 በመቶ ሲደርስ ስታርት ሌቨሩን ወደ አይድል ታነሳለህ፣ ነዳጅ ይገባል፣ ኢጂቲ (ከሞተሩ የሚወጣው ጋዝ ሙቀት) ሽቅብ ይላል፣ 56 በመቶ ላይ ስዊቹ ራሱ ጠቅ ብሎ ወደ ኦፍ ይመለሳል። ያቺን ጠቅታ እንዳትረሳት፣ ሞተሩ መያዙን ጆሮህ የሚያውቀው በሷ ነው።

እኔ መጀመሪያ ኤን ቱ 25 ሳይገባ ሌቨሩ እንዳይነሳ ቆልፌው ነበር። አውሮፕላኑን ቦሌ አቁሜ ሳስበው ነው ስህተቱ የታየኝ። ቦሌ 7,625 ጫማ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩን ለማዞር ከኤፒዩ የሚመጣው የአየር ግፊት ይቀንሳል። ፕሮሲጀሩ ደግሞ 25 ካልተቻለ፣ ኤን ቱ መጨመሩን ሲያቆም ቢያንስ 20 ከሆነ ሌቨሩን አንሳ ይላል። የኔ ቁልፍ ትክክለኛውን አብራሪ ነበር የሚከለክለው! አሁን ሌቨሩ ሁልጊዜ ይነሳል። በ12 በመቶ ካነሳኸው ግን ኢጂቲ 725 ዲግሪን ያልፋል፤ ቶሎ ካልዘጋኸው ሞተሩ ይበላሻል።

የባትሪው ስዊች ክዳንም አለ። ክዳኑን ስትዘጋው ስዊቹን ገፍቶ ኦን ያደርገዋል። ሁለቱን ለየብቻ ክሊክ ካደረግካቸው አውሮፕላኑን ያበረረ ሰው ወዲያው ያውቅብሃል።

ቅደም ተከተሉ ላይም ብዙ አትጨናነቅ። አብራሪዎች ፓነሉን በቃላቸው ነው የሚያዳርሱት፤ ቼክሊስቱ የሚነበበው ከዚያ በኋላ፣ የተሠራውን ለማረጋገጥ ነው። ስለዚህ ቼክሊስትህ የስዊቹን ቦታ ያንብብ። ሲሙሌተርህ ኤክስ-ፕሌን ከሆነ ዳታሬፉን፣ ፍላይትጊር ከሆነ ፕሮፐርቲውን አንብብ፤ ሁለቱም ስዊቹ አሁን ያለበትን ቦታ የሚይዙ እሴቶች ናቸው። ስዊቹን በጆይስቲክ የሚያዞር ሰው ክሊክ አያደርግማ፣ በክሊክ ከቆጠርክ እሱ የመጀመሪያው እርምጃ ላይ ተገትሮ ይቀራል።

ኤሌክትሪኩን መጀመሪያ ጨርሰው፣ ሌላው ሁሉ ከሱ ነው የሚበላው። የኤፒዩውን ስክሪፕት እዚህ ለጥፈውና ማታ አየዋለሁ።