«ተላመደ» ወይስ «ተቋቋመ»? መድኃኒት የማይገድለውን ባክቴሪያ በአማርኛ ስለ መጻፍ

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የባዮቴክኖሎጂ ተማሪዎችን የምርምር ውጤት ለጤና ኬላዎች በሚሆን አማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። ረቂቁ ላይ «የታማሚዋ ሰውነት አንቲባዮቲኩን ስለተላመደው ባክቴሪያው አልሞተም፤ ባክቴሪያው የሚያመነጨው እርሾም መድኃኒቱን በላው» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። አንዱ አራሚ «ተላመደ» የሚለውን ወደ «ተቋቋመ»፣ ሌላው ደግሞ «እርሾ»ን ወደ «ኢንዛይም» ለውጥ አሉኝ። «ተሕዋስያኖች» ማለትስ ይቻላል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም አራሚዎችዎ ልክ ናቸው። ነገር ግን ከሁለቱም እርማት አስቀድሞ መውጣት የነበረበትን ቃል ሳይነኩት አልፈዋል፤ «ሰውነት» የሚለውን።

በየጤና ጣቢያው «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶታል፣ አይሠራልኝም» ሲባል እንሰማለን። ንግግሩ የተዘወተረ ስለሆነ ብዙ ጸሐፊ ሳያመነታ ወደ ወረቀት ያሻግረዋል። የአንቲባዮቲክ ሥራ ግን ከባክቴሪያው ጋር ነው፤ የተለወጠውም ባክቴሪያው እንጂ የታማሚዋ ሰውነት አይደለም። የግሱ ባለቤት ሲሳሳት ምክሩም አብሮ ይሳሳታል። «ሰውነቴ የለመደውን ይረሳዋል፣ መድኃኒቱን ለጥቂት ወራት ትቼ ብመለስበት ይሠራልኛል» ብሎ የሚያስብ ሰው አለ። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ «እኔ እንዲህ ያለ መድኃኒት ወስጄ ስለማላውቅ አያሰጋኝም» የሚለው ነው። መድኃኒት የማይገድለው የቲቢ ባክቴሪያ ከአንዱ ሰው ሳንባ ወደ ሌላው በትንፋሽ ይተላለፋል፤ አንዲት ክኒን ያልዋጠ ሕፃንም ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ በጽሑፍዎ ውስጥ የግሱ ባለቤት ሁልጊዜ ባክቴሪያው ይሁን።

አሁን ወደ ግሱ እንምጣ። «ለመደ»ም ሆነ «ተላመደ» አንድ ፍጡር ራሱ ከጊዜ ብዛት ከአንድ ነገር ጋር መስማማቱን ይነግሩናል። ቆላ ተወልዶ ደጋ የወጣ ሰው ብርዱን ይለምዳል፤ አምና ያንቀጠቀጠው ያው ሰው ዘንድሮ አይበርደውም። ባክቴሪያ ላይ የሚሆነው ይህ አይደለም። ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ሌሊቱን ሲያድግ ባደረበት ፈሳሽ ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር ቢሊዮን ያህል ሕዋስ ይኖራል። ከእነዚያ መካከል ዘረ መላቸው ሲገለበጥ በተፈጠረ ስሕተት ከሌሎቹ የተለዩ ጥቂቶች አሉ፤ ያሉትም መድኃኒቱ ከመምጣቱ በፊት ነው። መድኃኒቱ ሲገባ ብዙዎቹ ያልቃሉ፣ የተለዩት ይተርፋሉ፤ ምግቡና ሙቀቱ ከተመቻቸላቸው በየ20 ደቂቃው ለሁለት እየተከፈሉ ቦታውን ይሞሉታል። የሞተና የተረፈ አለ፤ የለመደ የለም።

ይህን አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ጆሹዋና አስቴር ሌደርበርግ እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተሙት ሥራ አሳይተውታል። ባክቴሪያ የበቀለበትን ሳህን ንጹሕ ቬልቬት ጨርቅ ላይ ተጭነው፣ ያንኑ ጨርቅ ስትሬፕቶማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ባለባቸው ሌሎች ሳህኖች ላይ አተሙ። ከመድኃኒቱ የተረፉት በየሳህኑ ተመሳሳይ ቦታ ላይ በቀሉ። ወደ መጀመሪያው ሳህን ተመልሰው ከዚያው ቦታ ሲወስዱ፣ መድኃኒቱን አንድም ጊዜ ያላገኘው ባክቴሪያ አስቀድሞ የሚቋቋም ሆኖ ተገኘ። «ተላመደ» ለዚህ ቦታ የለውም። አንዱ ባክቴሪያ ፕላዝሚድ በሚባለው የዲ.ኤን.ኤ. ቀለበት አማካይነት የመቋቋሚያውን ዘረ መል ለጎረቤቱ ሲያቀብልም እንዲሁ ነው፤ ተቀባዩ መድኃኒቱን ሳያይ ባለቤት ሆኗል። እዚህ ላይ ግሶቹን እንለያቸው፦ ባክቴሪያ ከተከፈለበት ሕዋስ ያገኘውን «ወረሰ»፣ ከጎረቤት ያገኘውን «ተቀበለ» ይባል።

በጎዛምን ወይም በማቻከል ስንዴ የሚዘራ ገበሬ ይህን ልዩነት በንግግሩ ጠብቆታል። «ዋግ የሚቋቋም ዘር» ይላል እንጂ «ዋግ የተላመደ ዘር» አይልም። ዘሩ ጠባዩን ይዞት መምጣቱን፣ ማሳ ላይ እንዳልተማረው ያውቃልና። ለባክቴሪያውም ይኸው አነጋገር ይሁንለት፤ «መድኃኒት የሚቋቋም ባክቴሪያ»።

«መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» የሚለውን ግን አይንኩት። በጤና ባለሙያውም በታማሚውም ዘንድ የበሽታው መጠሪያ ሆኖ ጸንቷል። መጠሪያን ለብቻ መለወጥ፣ ለሕክምና የሚመጣውን ሰው «ይህ ሌላ በሽታ ይሆን?» ያሰኘዋል። ስያሜውን እንዳለ ይጻፉ፤ ማብራሪያውን ግን «ባክቴሪያው መድኃኒቶቹን ይቋቋማል» ይበሉ።

«ተቋቋመ»ም ያለ ጥንቃቄ አይሆንም፤ ሦስት ቦታ ላይ ያደናቅፋል። አንደኛ፣ ተሳቢ ከሌለው ትርጉሙ ሌላ ነው፦ «ማኅበሩ ተቋቋመ» ማለት ተመሠረተ ማለት ነው። ስለዚህ «የባክቴሪያ መቋቋም» የሚል ርእስ ምኑን እንደሚናገር አይታወቅም። ሁለተኛውና የሚያሳስበኝ፣ «በሽታ የመቋቋም አቅም» በአማርኛ የሰውነት የመከላከል ኃይል ሆኖ መያዙ ነው። «ባክቴሪያን የመቋቋም አቅም ጨመረ» ተብሎ ቢጻፍ አንባቢው ደስ ይለዋል እንጂ አይደነግጥም፤ ሰውነቱ የበረታ ይመስለዋል። ማን ማንን እንደሚቋቋም በአንድነት ካልተነገረ ቃሉ ተገልብጦ ይነበባል፤ «ባክቴሪያዎች መድኃኒትን የመቋቋም አቅማቸው ጨመረ» ሲባል ግን አሻሚነቱ ይጠፋል። ሦስተኛው የ«ን» ነገር ነው። በደፈናው ስንናገር «መድኃኒት የሚቋቋም»፣ የታወቀውን አንዱን ስንጠቅስ «መድኃኒቱን የሚቋቋም»፣ በስሙ ስንጠራው «ፔኒሲሊንን የሚቋቋም»። አንዱን መድኃኒት የሚቋቋም ባክቴሪያ በሌላው ሊሞት ስለሚችል፣ «ን» በወደቀች ቁጥር ሐኪሙ የቀረውን ምርጫ እናጠብበታለን።

ወደ «እርሾ» ስንመጣ፣ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ጀርመናዊው ቪልሄልም ኩህነ በ19ኛው መቶ ዘመን ኢንዛይም የሚለውን ስም ሲያወጣ «በእርሾ ውስጥ» ከሚል የግሪክ ቃል ነው የወሰደው። እርሾ ግን የብዙ ሕያዋን መኖሪያ ነው፤ ከእንጀራ ሊጥ ላይ ተቀንሶ ለሚቀጥለው ቡኮ በሚቀመጠው ውስጥ የእርሾ ፈንገሶችና የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች አሉበት። ኢንዛይም ሕያው አይደለም፤ ሕያዋን የሚሠሩት፣ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮቲን የሆነ፣ የኬሚካል ለውጥን የሚያፈጥን ነገር ነው። ኤድዋርድ ቡክነር እ.ኤ.አ. በ1897 እርሾን ከአሸዋ ጋር ፈጭቶ፣ ጨምቆ፣ ሕያው ሕዋስ የሌለበት ጭማቂው ስኳርን ወደ አልኮል እንደሚለውጥ አሳየ፤ በ1907 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመበት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት አያስኬድም። በነገራችን ላይ «የረቂቅ ተሕዋስያን ኢንዛይም» ለሚለው ብቅልን ምሳሌ የሚያደርጉ ጽሑፎች አሉ። የብቅል ኢንዛይም ገብሱ ራሱ ሲበቅል የሚያመነጨው ነው፤ ምሳሌው ከባክቴሪያ ወይም ከፈንገስ ይምጣ።

ሕያው ካልሆነ «ኢንዛይሙ ሞተ» አይባልም። ሲሞቅ ቅርጹ ይበላሻል፣ ሥራውን ያቆማል። «በላ»ም አይሆንለትም፤ የበላ ነገር ምግቡን ለራሱ ያውለዋል። ፔኒሲሊንን የሚያከሽፈው ቤታ ላክታሜዝ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ በመድኃኒቱ ውስጥ ያለውን ባለ አራት አተም ቀለበት ውኃ አስገብቶ ይከፍተዋል፤ ራሱ ሳይለወጥ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ቀለበቱ የተከፈተ ፔኒሲሊን ባክቴሪያ አይገድልም። ተመራማሪዎቹ ኤድዋርድ አብርሃምና ኤርንስት ቼይን ይህን ኢንዛይም የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1940፣ ፔኒሲሊን ለሕዝብ ሕክምና ከመዋሉ በፊት ነበር። ትክክለኛዎቹ ግሶች «አፈረሰ»፣ «ሰበረ»፣ «አከሸፈ» ናቸው።

በዚህ ረገድ ግስ ቢዛባ የሚፈጠረውን ስሕተት በአሞክሲሲሊንና በክላቩላኒክ አሲድ ቅይጥ ላይ እናየዋለን። «ሁለቱም ባክቴሪያውን ይገድላሉ» ብሎ መጻፍ ነገሩን ያበላሸዋል። ገዳዩ አሞክሲሲሊን ነው፤ ክላቩላኒክ አሲድ ኢንዛይሙን አስሮ ይይዝለታል። ባክቴሪያው ይሞታል፣ ኢንዛይሙ ይታገዳል።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ይህን በዐይን ማየት ይቻላል። አምፒሲሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ባለበት አጋር (ባክቴሪያ የሚበቅልበት የረጋ ማሳደጊያ) ላይ፣ መድኃኒቱን የሚቋቋመው አንዱ ኮሎኒ (በዐይን የሚታይ የባክቴሪያ ክምር) ጎልቶ ይበቅላል። ሳህኑ (ፔትሪ ዲሹ) በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ቆይቶ ካልወጣና ብዙ ካደረ፣ በትልቁ ኮሎኒ ዙሪያ ደቃቅ ኮሎኒዎች ከበው ይታያሉ። ሳተላይት ይባላሉ። እነሱ መድኃኒቱን አይቋቋሙም፤ ትልቁ ያወጣው ኢንዛይም ዙሪያውን ያለውን አምፒሲሊን ስላፈረሰው ነው የበቀሉት። ተማሪ እነዚህን ለቅሞ «የሚቋቋሙ» ብሎ ከመዘገበ ስሕተቱ እስከ ጽሑፉ ይዘልቃል። እርስዎም «በቀለ» እና «ተቋቋመ» በረቂቁ ውስጥ እየተቀያየሩ ከገቡ ተማሪዎቹን ይጠይቁ። አምፒሲሊኑ አጋሩ ሳይበርድ ተጨምሮ ከሆነም ሙቀቱ ያበላሸዋል፤ ከአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ሙቀት ተሕዋስያንን ከሚገድለው ዕቃ) የወጣው አጋር ከ50 እስከ 55 ዲግሪ እስኪደርስ ይጠበቃል። መድኃኒቱ በተበላሸበት ሳህን ማንኛውም ይበቅላል፤ «ተቋቋመ» ግን አይባልም።

በዲስክ፣ ማለትም አንቲባዮቲክ ባለበት ትንሽ ክብ ወረቀት፣ የሚደረገው ምርመራም እንዲሁ ነው። የሙለር ሂንተን አጋር ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ከዚያ ከወፈረ በዲስኩ ዙሪያ ያለው ባዶ ክብ ይጠባል፣ ባክቴሪያው ሳይቋቋም የሚቋቋም ይመስላል፤ ከሳሳ ክቡ ይሰፋና የሚቋቋመው የሚሞት ይመስላል። ስለዚህ ውጤቱን «ክቡ ይህን ያህል ሚሊ ሜትር ሆነ» ብሎ መጀመር፣ ፍርዱን ከመለኪያው ሠንጠረዥ በኋላ ማምጣት ይሻላል።

የእርስዎ ዐረፍተ ነገር እንዲህ ቢታረም ደስ ይለኛል፦ «ባክቴሪያው አንቲባዮቲኩን ስለሚቋቋም መድኃኒቱ አልገደለውም፤ የሚያመነጨው ኢንዛይም መድኃኒቱን ያፈርሰዋል።» ሁለተኛው ክፍል የሚጻፈው ግን ኢንዛይሙ ተፈትሾ ከተገኘ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ናይትሮሴፊን የሚባለው መፈተሻ ከቢጫ ወደ ቀይ ከተለወጠ። ባክቴሪያ መድኃኒትን የሚቋቋመው በማፍረስ ብቻ አይደለምና። ቴትራሳይክሊንን እየረጨ የሚያስወጣ አለ፤ ሜቲሲሊን የማይገድለው ስታፊሎኮከስ ደግሞ መድኃኒቱ የሚይዘውን ፕሮቲን በሌላ ተክቶ ይኖራል። «ተቋቋመ» ሁሉንም ይሸፍናል፤ «አፈረሰ» የኢንዛይሙን ብቻ።

«ተሕዋስያን» በግእዝ ብዙ ቁጥር ስለሆነ «-ኦች» አያስፈልገውም፤ «ተሕዋስያን ናቸው» ይበቃል። «ባክቴሪያ» አማርኛ ውስጥ ነጠላ ሆኖ ስለገባ «ባክቴሪያዎች» ትክክል ነው። «ፀረ ተሕዋስያን» ፈንገስንም ቫይረስንም ስለሚያካትት፣ አንቲባዮቲክን ብቻ ሲሉ «ፀረ ባክቴሪያ» ይበሉ፤ አለዚያ ለጉንፋን የሚፈልገው ይበዛል።

በመጨረሻ አንድ ሳይጠይቁኝ የምጨምረው፦ ረቂቁ ላይ «100 ሚ.ግ.» ተብሎ በአሕጽሮት የተጻፈ ካለ ይፍቱት። አምፒሲሊን በማሳደጊያው ውስጥ በተለምዶ 100 ማይክሮ ግራም በሚሊ ሊትር ነው፤ የሚቀመጠው ጥቅጥቅ ፈሳሽ ደግሞ 100 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር፤ ከእሱ 1 ሚሊ ሊትር ለ1 ሊትር አጋር ይጨመራል። ሁለቱም «100» ስለሆኑ በ«ሚ» ፊደል ብቻ ከተለዩ አንባቢው 1,000 እጥፍ ሊስት ይችላል። «ማይክሮ» እና «ሚሊ» ሙሉውን ይጻፉ።