ስለ ሥጋ ወጪ ንግዳችን ለጠየቃችሁኝ፣ መልሶቼ እነሆ

ስለ ሥጋ ወጪ ንግድ የሚያሳስባችሁን ጠይቁኝ ብያችሁ ነበር፤ ካሰብኩት በላይ ጥያቄ መጣ። ለማታውቁኝ፣ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በሞጆና በቢሾፍቱ የኤክስፖርት ቄራዎች ነው። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ በከብት ብዛት ከአፍሪካ አንደኛ ነን እየተባልን ነው ያደግነው። ከሥጋ የምናገኘው ዶላር ለምን እንዲህ አነሰ?

መልስ፦ ብዛቱ እውነት ነው። የቀንድ ከብቱ ብቻ ከ60 ሚሊዮን ይበልጣል፤ በግና ፍየሉ ተደምሮ ከ90 ሚሊዮን በላይ ነው። ከሥጋ የሚገባው ገንዘብ ግን ለዓመታት በ100 ሚሊዮን ዶላር ዙሪያ ሲዋልል ኖሯል። ቡና በ2017 በጀት ዓመት ብቻ ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል።

ቆጠራ ላይ የሚታየው እንስሳ ሁሉ ለገበያ የተዘጋጀ አይደለም። ገበሬው በሬውን ያርስበታል። የቦረና ወይም የሶማሌ አርብቶ አደር ደግሞ መንጋው ሀብቱም ክብሩም ነው፤ የሚሸጠው እህል ሲያልቅበት፣ ሰው ሲታመምበት ወይም ሠርግ ሲደርስበት ነው። ቄራው ግን በየቀኑ ዕድሜውና ክብደቱ የተስተካከለ እንስሳ ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት አብዛኞቹ ቄራዎች ከአቅማቸው ግማሽ በታች ይሠራሉ። መኪና አልመጣም ተብሎ ሠራተኛው ቢላዋውን ስሎ የሚውልበትን ቀን ስላየሁ፣ "አዲስ ቄራ ተመረቀ" የሚል ዜና ስሰማ ቶሎ ደስ አይለኝም። ፍየሎቹ ከየት ይመጣሉ የሚለው ይቀድማል።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምኖረው። እዚህ "የኢትዮጵያ" ተብሎ የሚሸጠው የፍየልና የበግ ሥጋ ነው። የበሬ ሥጋችንስ?

መልስ፦ በትክክል አይተዋል። ከምንልከው ውስጥ እጅግ የሚበዛው የፍየል ሥጋ ነው፤ ዋና ደንበኞቻችንም የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና ሳዑዲ ዓረቢያ ናቸው። የሚፈልጉት ያልተኮላሸ ወጣት ወጠጤ ነው፤ በቁሙ ከ15 እስከ 30 ኪሎ፣ ታርዶ ሲጸዳ ከ6 እስከ 12 ኪሎ አካባቢ የሚሆን። ለዚህ የቆላ ፍየላችን ልክ ነው።

የበሬው ነገር ሌላ ነው። ገበሬው ለዓመታት ካረሰበት በኋላ የሚሸጠው በሬ ሥጋው ጠንካራ ነው። ደህና ተደርጎ የደለበውን፣ እንደ ሐረር ሰንጋ ያለውን፣ የአዲስ አበባ ሥጋ ቤት ለቁርጥ በጥሩ ዋጋ ይወስደዋል። ውጭ ደግሞ የህንድ ጎሽና የብራዚል ከብት በርካሽ ይጠብቁናል። እዚህ ውድ ገዝቶ እዚያ በርካሽ የሚሸጥ ነጋዴ ከየት ይመጣል?

ጥያቄ፦ የደጋ በግ ሥጋ ይጠቁራል ተብሎ አይፈለግም የሚሉት እውነት ነው? ከደብረ ብርሃን ነኝ፣ ቅር አሰኝቶኛል።

መልስ፦ ቅር መሰኘትዎ ይገባኛል፤ በጋችን ጣዕም አንሶት አይደለም። የባሕረ ሰላጤው ገዢዎች የደጋ በግና ፍየል ሥጋ ቶሎ ይጠቁራል ብለው የቆላውን ይመርጣሉ፤ ተመራማሪዎቻችንም ሲያጠኑት የቆየ ችግር ነው። ስለ አጠቃላይ መጥቆር ግን በደንብ የሚታወቅ ነገር አለ። እንስሳው ሲደክም፣ ሲራብና ሲደነግጥ ጡንቻው ውስጥ ያለው ስኳር ያልቃል። ከታረደ በኋላ ወደ አሲድ የሚለወጠው ያ ስኳር ነበር። አሲዱ ከሌለ ሥጋው ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ቶሎም ይበላሻል።

ስለዚህ ጥራት የሚጀምረው መኪናው ላይ ነው። ከያቤሎ አካባቢ የተጫነ ፍየል ሞጆ እስኪደርስ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ በየኬላው ይቆማል፣ ፀሐይ ይመታዋል፣ እርስ በርሱ ይረጋገጣል። ሲወርድ እግሩ የሚንቀጠቀጥ ፍየል በዚያው ቀን መታረድ የለበትም፤ ውኃ ጠጥቶ ማረፍ አለበት። ትዕዛዙ ቸኩሏል ተብሎ ይህ ዕረፍት ሲዘለል በማግስቱ ማቀዝቀዣ ክፍሉ ውስጥ ይታወቃል፤ ከተሰቀሉት መካከል ጥቁር ቀይ የሆኑት ከሩቅ ይለያሉ። ደህናው በሐላል ሥርዓት ታርዶ፣ ለአንድ ቀን ያህል ቀዝቅዞ፣ በነጭ የጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ ይደርሳል። ከዚያ ጥቂት ሰዓት በረራ ነው። እንዲህ የተላከ ሥጋ የሚቆየው ለቀናት ሲሆን፣ አውስትራሊያ አየር በሌለበት ፕላስቲክ አሽጋ የምትልከው ሳምንታት ይቆያል። እዚህ ላይ ገና ብዙ ይቀረናል።

ጥያቄ፦ የቁም እንስሳ ኮንትሮባንዱን መንግሥት ለምን አያስቆምም?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ በብዛት መጥቷል፤ አብዛኞቻችሁም የጻፋችሁት በቁጣ ነው። ነገሩን ከአርብቶ አደሩ ቦታ ሆናችሁ እንድታዩት እለምናችኋለሁ። በሶማሌዎች ባሕር ዳርቻ ካሉት ከበርበራና ከቦሳሶ ወደቦች በዓመት ሚሊዮኖች በግና ፍየል በቁም ወደ ዓረብ አገር ይሻገራሉ፤ በተለይ ለሐጅና ለዓረፋ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የተነሡት ከእኛ ሶማሌ ክልል ነው። በክልሉ ዶሎ ዞን ውስጥ ላለ ሰው የበርበራ መንገድ ከሞጆ ይቀርበዋል። ገዢው ዘመዱ ወይም የጎሣው ሰው ነው፤ በዱቤም ያምነዋል። በመልሱ ጉዞ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ስኳርና ልብስ ይመጣለታል። እኛ የምናቀርብለት ምንድን ነው? ደላላ፣ ኬላና የዘገየ ክፍያ።

በየኬላው መውረስ ለዓመታት ተሞክሯል፤ ንግዱ ሌላ መንገድ ፈለገ እንጂ አልቆመም። በእኔ እምነት መፍትሔው ቄራው ወደ እሱ መጠጋቱና በዕለቱ በጥሬው መክፈሉ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ባለው ድርቅ ዝናብ በተከታታይ አምስት ወቅት ሲቀር፣ ቦረናና ሶማሌ ውስጥ ሚሊዮኖች እንስሳት ሞቱ። ያ ሁሉ ሀብት በጊዜ ገዢ ቢያገኝ ኖሮ ስንት ቤተሰብ ይተርፍ ነበር! ይህን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

ጥያቄ፦ ላኪዎች በኪሳራ ይሸጣሉ ሲባል ሰምቻለሁ። በኪሳራ የሚነግድ ሰው አለ?

መልስ፦ ነበር። የባንኩና የጥቁር ገበያው ምንዛሪ በተራራቁበት ዘመን ዶላር ራሱ ዕቃ ነበር። አንዳንዱ ላኪ ፍየሉን በውድ ገዝቶ ሥጋውን ውጭ በርካሽ ይለቀዋል፤ ባገኘው ዶላር መኪና፣ ብረት ወይም ኤሌክትሮኒክስ አስገብቶ ኪሳራውን በእጥፍ ያካክሳል። ሥጋ ብቻ የሚነግደው ሰው ከእሱ ጋር ተወዳድሮ ፍየል መግዛት አቃተው። የተሰበረውን ዋጋ የለመደ የዱባይ ገዢም በእኛ ሥጋ ላይ ጭማሪ ሲጠየቅ ፊቱን ያዞራል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ያ ምክንያት ላልቷል፤ ላኪውም ካገኘው ዶላር ግማሹን ለራሱ እንዲያስቀር ተፈቅዶለታል። ሁለቱ ገበያዎች ተቀራርበው እስከቆዩ ድረስ ለእውነተኛ ሥጋ ነጋዴ ከበፊቱ የተሻለ ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ እናንተ ወደ ውጭ ስለምትልኩ ነው እኛ ሥጋ ከዓመት በዓል ውጭ የማናየው።

መልስ፦ እህቴ፣ ምሬትዎ ልክ ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ይመስለኛል። የሚላከው በአብዛኛው የቆላ ፍየል ነው፤ መጠኑም አገር ውስጥ ከሚበላው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። የበሬና የዶሮ ዋጋን የሰቀሉት የእንስሳት መኖ የሆኑት የፉርሽካና የፋጉሎ ዋጋ፣ የነዳጅ፣ የመንገድ ጸጥታና አጠቃላይ የኑሮ ውድነቱ ናቸው። ፍየል ተራ ላይ ግን፣ በተለይ ለሮመዳንና ለዓረፋ ሰሞን፣ ላኪዎች ሲሻሙ ዋጋው እንደሚሰማ አልክድም።

ጥያቄ፦ አውሮፓና አሜሪካ ለምን አንልክም?

መልስ፦ የከብትን አፍና እግር በሚያቆስለው፣ አፍተ ግር በሚባለው ተላላፊ በሽታ ምክንያት። እንስሶቻችን ውስጥ እየተዘዋወረ እስካለ ድረስ በሩ ዝግ ነው። የበግና ፍየል "ደስታ" የሚባል ተላላፊ በሽታም አለብን፤ እሱን እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ከዓለም ለማጥፋት ታቅዷል። ይቻላል ወይ ለምትሉ፣ ከብቶቻችንን የፈጀው ዋናው የደስታ በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከምድረ ገጽ መጥፋቱ ታውጇል፤ ለዚያ የእኛ ክትባት ሰጪዎች አፋር በረሃ ድረስ በእግራቸው ሄደዋል። ናሚቢያ በሽታ ያለበትን ሰሜኑን በአጥር ለይታ፣ ከብቱን በጆሮ ምልክት መዝግባ በ2020 እ.ኤ.አ. የበሬ ሥጋ አሜሪካ አስገብታለች። በእኛ አርብቶ አደር አካባቢ አጥር የሚሆን አይመስለኝም፤ ምዝገባውና ክትባቱ ግን ይሆናል።

ለባሕረ ሰላጤውም ቢሆን በሽታ ቀልድ አይደለም። በ1993 ዓ.ም. መግቢያ ሳዑዲና የመን ውስጥ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሲነሣ ሳዑዲ ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄደውን የቁም እንስሳ አገደች፤ እገዳው ለዓመታት ቆየ።

ጥያቄ፦ ከውጭ የምናስገባው ሥጋ አለ?

መልስ፦ ጥቂት ነው፤ በዋናነት ለትልልቅ ሆቴሎችና ሱፐርማርኬቶች የሚመጣ የተቀነባበረ ሥጋ።

ጥያቄ፦ የአህያ ቄራውስ ምን ደረሰ?

መልስ፦ የቢሾፍቱው በ2009 ዓ.ም. ሕዝብ ተቃውሞት ተዘጋ። በየካቲት 2016 ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት አህያ ለቆዳዋ እንዳትታረድ የሚያግድ ውሳኔ አሳልፏል። ውኃና እንጨት በአህያዋ ለምታጓጉዝ እናት ትልቅ ዜና ነው፤ እኔም ደግፌዋለሁ።

ጥያቄ፦ ከቨርጂኒያ ነው። እናቴ ስትመጣ ቋንጣ ይዛልኝ ትግባ?

መልስ፦ አትያዝ። በአፍተ ግሩ ምክንያት አሜሪካ ከእኛ አገር በተጓዥ ሻንጣ የሚመጣ ሥጋ አታስገባም፤ ቋንጣም ያው ሥጋ ነው። ሳታሳውቅ ከተገኘባት ቅጣትም አለው። አውሮፓ ኅብረትም እንዲሁ ነው፣ እዚያ ወተትና ቅቤም ተከልክሏል። በርበሬውንና ሽሮውን ታምጣ፤ እነሱንም መግቢያው ላይ ታሳውቅ።