ማደንዘዣ ከተወጉ በኋላ የሚወድቅ የዓይን ቆብ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ቀን ትዝ አለኝ። ዛሬ ጠዋት የላይኛውን የኋላ መንጋጋሽን ለማስነቀል ማደንዘዣ ተወጋሽ፤ ብዙም ሳይቆይ በዚያው በኩል የዓይንሽ ቆብ ወደቀ። "እንዲሁ ይቀር ይሆን?" ብለሽ ጠይቀሻል። ጭንቀትሽ ይገባኛል። እኔም መስታወት ፊት ቆሜ አልቅሻለሁ።

የኔ የመጣው ከትከሻ ቀዶ ሕክምና ጋር ነው። ክንዴን ለማደንዘዝ አንገቴ ላይ ወጉኝ። ስነቃ የቀኝ ዓይኔ ግማሹ ተከድኗል፤ ድምፄም ሰልሏል። እንዲህ ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ የነገረኝ አልነበረም፤ ያስደነገጠኝም እሱ ነው። ሐኪሙ መጥቶ ብሌኔን ሲያይ የቀኙ ከግራው ጠቦ አገኘው።

የዓይንን ቆብ የሚያነሱት ሁለት ጡንቻዎች ናቸው። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ትልቁ ነው። ትንሹ የሚያነሳው አንድ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የሚታዘዘውም በአንገት በኩል ሽቅብ በሚወጡ ነርቮች ነው። ማደንዘዣው እነሱን ካገኘ ቆቡ ዝቅ ይላል፣ ብሌኑም ይጠባል። ሐኪሞች ሆርነር ሲንድረም ይሉታል። በማግስቱ ትከሻዬ ሲለቀኝ ዓይኔም አብሮ ተከፈተ።

ያንቺ መንገዱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ከላይኛው መንጋጋ ጀርባ የተወጋ መድኃኒት አልፎ አልፎ ሾልኮ ዓይን ወደተቀመጠበት ጎድጓዳ ይደርሳል። አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ የሚታያቸውም አሉ። የተሰጠሽ ሊዶኬይን ከሆነ በሰዓታት ውስጥ ይለቃል። እስከዚያ መኪና እንዳትነጂ። ጉንጭሽ ለቆ ቆቡ እስከ ነገ ካልተነሳ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ጋ ሂጂ።

አንድ ነገር ለይልኝ፤ ዓይንሽ አልከፈት ነው ያለው ወይስ አልከደን? አልከደን ካለ የደነዘዘው የፊት ነርቭ ነው። ያኔ እስኪለቅሽ ድረስ ከአቧራና ከድርቀት ጠብቂው፤ በየጊዜው በጣትሽ ቀስ አድርገሽ ክደኚው።

የእናቴ ደግሞ ረጅም ነበር። የዓይን ሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላት ዓይኗ አጠገብ ተወጋች፤ ቆቧም ወርዶ ሰነበተ። በዚህ ጊዜ ጉዳዩ መደንዘዝ ብቻ አይደለም። ማደንዘዣው ራሱ፣ በተለይ ቡፒቫኬይን፣ ጡንቻ ሊጎዳ ይችላል። እብጠቱና ዓይኑን ከፍቶ የሚይዘው መሣሪያም ይጨምሩበታል። ሐኪሟ ሌላ ቀዶ ሕክምና ከማሰባችን በፊት 6 ወር እንታገስ አላት። በሦስተኛው ወር ተነሳላት።

እጅሽ ወይም እግርሽ ከዛለ፣ ቃል ከጠፋብሽ፣ ድንገት ከባድ የራስ ምታት ወይም የአንገት ሕመም ከመጣብሽ ግን የማደንዘዣው ነው ብለሽ አትጠብቂ። ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ስንት ሰዓት እንደተወጋሽና ጉንጭሽ እንደለቀቀሽ ጻፊልኝ። የመድኃኒቱንም ስም ከሐኪምሽ ጠይቀሽ ያዢ፤ ሌላ ጊዜ ስትወጊ አስቀድመሽ ትነግሪያቸዋለሽ።