ደርቋል፣ አይሸትም፤ ታዲያ ወስፋቱ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምንኖረው አቃቂ ነው። ባለቤቴ ከፍሳሽ የወጣ ደረቅ ዝቃጭ በከረጢት እየገዛ ጓሯችን ያለው ጎመንና ሰላጣ ላይ መበተን ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆነው። የአምስት ዓመት ልጄን ወስፋት አስቸግሮታል። በሁለት ወር ውስጥ አራት ጊዜ አልቤንዳዞል ገዝቼ ሰጠሁት፤ ወጥቶለት እንደገና ይመለሳል። ባለፈው ሳምንት ሆዱ ተነፍቶ ሁለት ቀን አስመለሰው፣ አሁን ተሽሎታል። ጎረቤቴ «ይሄ ነገር ካንሰር ያመጣል» አለችኝ። ሰላጣውን በበረኪና ባጥበው ይበቃል?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ በረኪና ነው፤ እንቅልፍ የነሳዎት ግን «ልጄን በገዛ እጄ መርዤው ይሆን?» የሚለው ይመስለኛል። አልመረዙትም። ወስፋት ይድናል።

የከተማ ፍሳሽ ከጋራዥና ከፋብሪካ ውኃ ጋር ስለሚቀላቀል ዝቃጩ እርሳስና ካድሚየም ሊይዝ መቻሉ እውነት ነው። እርሳስ የልጆችን አእምሮ፣ ካድሚየም ኩላሊትን ይጎዳል፤ ሁለቱም አፈሩ ላይ ከዓመት ዓመት ይጠራቀማሉ። ስለዚህ መበተኑ ዛሬውኑ ይቁም። በካንሰር ግን አላስፈራራዎትም።

«ፀሐይ የመታው ነው፣ አይሸትም» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አንድ አባት እንዲያውም እፍኝ ዝቃጭ በፌስታል ይዞ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ፈርፈር እያደረገ «ይኸው፣ ከአፈር በምን ይለያል?» ብሎኛል። ለዓይን በምንም አይለይም፤ ችግሩም እሱ ነው። የወስፋት እንቁላል ቅርፊቱ ወፍራም ነው። ፀሐይ የክምሩን ላይ ስታደርቀው ሥሩ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ እንቁላሉ አፈር ውስጥ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በታች በሆነ አገር እንዲህ ያለው ነገር ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ሳይነካ መቀመጥ አለበት። አዲስ አበባና አካባቢዋ እዚያ ውስጥ ነው። የእናንተው ለምን ያህል ጊዜ ተቀመጠ? ሻጩን ይጠይቁት፣ እውነቱን ከነገረዎት። ሽታው ቶሎ ይጠፋል፤ እንቁላሉ አይጠፋም። በረኪናም አይገድለውም። በሚወርድ ውኃ ቅጠል በቅጠል እያሹ ማጠብ ይሻላል፣ ማብሰል ደግሞ ይገድለዋል። ቅጠሉ ውስጥ የገባውን ካድሚየም ግን እሳትም አያወጣውም፤ ያን መደብ ለአበባ ይተዉት።

አራት ጊዜ አልቤንዳዞል! ለወስፋት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ባለ 400 ሚሊ ግራም ኪኒን ይበቃል። የሚመለሰው መድኃኒቱ ሰንፎ ሳይሆን ልጁ ከዚያው ጓሮ እንቁላሉን እንደገና ስለሚውጠው ነው። ሰገራው ሳይመረመር አምስተኛውን እንዳይገዙ፤ ፋርማሲ ምርመራ ቤት አይደለም።

ማስመለሱንስ እንዴት በአንድ መስመር አለፉት? ወስፋት ሲበዛ ተተብትቦ አንጀት ይዘጋል። ሆዱ ከተነፋና ከደረቀ፣ አረንጓዴ ካስመለሰው፣ ሰገራም ፈስም እምቢ ካለው፣ ኪኒን ሳይሰጡት በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ነው። ንጋትን አይጠብቁ።

ስለተሻለው ዛሬ አይጨነቁ፤ ነገ ጠዋት ግን ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ባለቤትዎም አብረው ሄደው ይመርመሩ፤ ዝቃጩን በእጃቸው የሚበትኑት እሳቸው ናቸው።