ካሁት ላይ ያገኙትን ፈተና ላይ ለምን ያጡታል ላልሽው

እህቴ ጥያቄሽ የራሴን የመጀመሪያ ዓመት ነው ያስታወሰኝ። "ክለሳ በካሁት ነው የማሠራቸው፣ ልጆቹ በጣም ይወዱታል፣ ፈተና ሲመጣ ግን ውጤቱ ያው ነው፣ ልተወው ወይ?" ነው ያልሽው። (ለማያውቀው፣ ካሁት ተማሪዎች ከባለቀለም ምርጫዎች ትክክሉን በስልካቸው የሚነኩበት የጥያቄና መልስ ጨዋታ ነው።) በፍጹም አትተዪው፣ አጠቃቀሙን ግን ቀይሪው። ፊዚክስ ነው የማስተምረው፣ የደረሰብኝን ልንገርሽ ትንሽ ይረዝማል።

እኔ ምን አደርግ ነበር መሰለሽ፣ ፈተናው ነገ ከሆነ ዛሬ 30 ጥያቄ ካሁት ላይ እጭንና በ20 በ20 ሰከንድ እናስኬደዋለን፣ ጩኸቱ ደስታው ልክ የለውም፣ ያልጨረስነውን ደግመን እንጫወታለን። የግፊት ፎርሙላ የቱ ነው ስል ክፍሉ በሙሉ ማለት ይቻላል ትክክሉን ነካ፣ እኔም ገብቷቸዋል ብዬ አለፍኩ። በማግስቱ ወረቀት ላይ ፎርሙላውን ጻፉ ሲባሉ ኃይል ሲካፈል ለስፋት በማለት ፈንታ ስንቱ ኃይል ሲባዛ በስፋት ብሎ ጻፈ! አንዱን ጠርቼ ትናንት አግኝተኸው አልነበር ወይ ስለው "ቲቸር ትናንት እኮ ቀዩ ነበር" አለኝ። ልጁ የያዘው ቀለሙን ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ የምርጫዎቹን ቦታ የሚያቀያይረውን ሴቲንግ እንኳን አላበራሁትም።

ከዛ በኋላ የገባኝ፣ ምርጫ አይቶ መለየትና ከጭንቅላት አውጥቶ መጻፍ በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሮዲገር እና ካርፒክ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2006 ያሳተሙት ጥናት አለ፣ አንድ ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ የተሻለ አስታወሱ፣ ከሳምንት በኋላ ግን አንዴ አንብበው የሚያስታውሱትን ሳያዩ የጻፉት በለጡ፣ 56 በመቶ ለ42። ስለዚህ አሁን ጥያቄውን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ፣ ስልኩ ተደፍቶ ይቀመጣል፣ ሁሉም መልሱን ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ ከዛ ነው ምርጫው የሚከፈተው። ካሁት ለትክክለኛ መልስ እስከ 1000 ነጥብ ሲሰጥ ቶሎ ለነካው ነው የሚያበዛው፣ ረጋ ብሎ የሚያስበው ልጅ ይጎዳል፣ ነጥቡን ማጥፋት ትችያለሽ፣ ሰዓቱም እስከ 4 ደቂቃ ይሄዳል። ስሌት ላለው ጥያቄ እኔ ከ2 ደቂቃ አላሳንስም።

ዋናው ነገር ግን ከጥያቄው በኋላ ያለችው ጊዜ ናት፣ ስንት ሰው የቱን እንደመረጠ ግራፉ ሲወጣ ወደ ቀጣዩ እንዳታልፊ! እዛው ቁሚ። "ይሄን የመረጠ ሰው ምን አስቦ ይሆን?" ብለሽ ጠይቂ፣ ማን እንደመረጠው ሳትጠሪ። ለዚህ ደግሞ የተሳሳቱት ምርጫዎች ዝም ብለው የተሞሉ መሆን የለባቸውም፣ እኔ የልጆቹን ያለፈ ፈተና ሳርም የጻፏቸውን ስህተቶች ለይቼ እይዛለሁ፣ ለምሳሌ ክብደት በኪሎግራም ይለካል የሚል ሁሌ አለ፣ እሷን ምርጫ ውስጥ ሳስገባት ሁሌም ብዙ ሰው ይይዝባታል፣ ከዛ በኒውተን ለምን እንደሆነ ራሳቸው ተከራክረው ይደርሱበታል። በዚህ አካሄድ በአንድ ክፍለ ጊዜ ከ8 ወይ 10 ጥያቄ በላይ አይኬድም፣ ያ ደግሞ ይበቃል።

ሲያልቅ ሪፖርቱን ክፈቺ፣ የከበዷቸውን ጥያቄዎች ለይቶ ያወጣልሻል። እነሱን ብቻ ከ3 ቀን በኋላ፣ ከዛ ከሳምንት በኋላ ቁጥሩን ቀይረሽ ድገሚ። ክለሳ በፈተና ዋዜማ ብቻ ከሆነ ዋጋ የለውም ባይ ነኝ።

ስልክ የሌላቸው ልጆች አሉ ላልሽው ፕሊከርስን ሞክሪ፣ ልጆቹ የታተመ ካርድ ይዘው መልሳቸውን በካርዱ አቅጣጫ ያሳያሉ፣ ያንቺ አንድ ስልክ በካሜራ ያነበዋል። ቤት ላሉት ቴሌግራም ላይ የኩዊዝ ፖል አለ፣ ብዙ ዳታ አይበላም፣ ሲሳሳቱ የሚወጣ አጭር ማብራሪያም መጻፍ ይቻላል፣ ማብራሪያውን ባዶ አትተዪው። ለትርጉምና ለቃላት አንኪ የሚባለው ካርድ እያሳየ የሚያስከልስ አፕ ጥሩ ነው ግን የራሱ ትጋት ላለው ልጅ ነው።

የየትኛው ክፍል የቱ ምዕራፍ ላይ ነሽ? ፊዚክስ ከሆነ የሰበሰብኳቸውን ስህተቶች ፎቶ አንስቼ እዚሁ እለቅልሻለሁ።